የጋሽ ወንድይፍራው ሁለተኛ ዓይን

ግንቡ የእድራችን ነው፤ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል ሲወረድ ያለው ረጅሙ ግንብ። ገና ሲሚንቶው ሳይደርቅ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ የተማከረበት ይመስል ሽንት ቤት አደረገው። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ብለን በቀይ ቀለም ብንጽፍበት ጽሑፉን እያነበቡ ሸኑበት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል። የእድሩ ኮሚቴ ስለ ግንቡ ሲመክር ሳልጠራ ገባሁና «ሥዕል ይሣልበት» አልኩ። «ሰው እያየው የሚሸና የለም። በሥዕልም ቢሆን ሰው ሰው ነው።»

ራኬብ እባላለሁ። ቤቴል አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ሥዕል አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ማለቴ የሒሳቡ መምህር ክፍለ ጊዜዬን ካልወሰደብኝ ነው፤ ፈተና ሲደርስ መጀመሪያ የሚታጠፈው የእኔ ትምህርት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ሥዕል ታሪክ ሳወራ ከበር የሚሰፋ ነገር ላይ ሥዬ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያ ግንብ እንቅልፍ ነሳኝ። የእኔ የምለው ሥራ ቢኖረኝ እሱ እንዲሆን ፈለግሁ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከጎጃም መጥተው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ አውቶቡስ ነድተው፣ ጡረታ የወጡ ሰው። ዕቃ ቤቱን የሚይዙት እትዬ ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ የእድሩ ድስትም ጭልፋም፣ የሰፈሩ ወሬም በእሳቸው እጅ ነው። ጸሐፊው ኦቦ ደበላ ናቸው፤ ከወለጋ መጥተው አስኮ ላይ የቀለምና የኖራ መደብር ከከፈቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«መላእክት ይሣሉበት» አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ። «መልአክ ላይ ማን ደፍሮ ይሸናል?»

«እድሩ የሁላችንም ነው እኮ» አሉ ኦቦ ደበላ። «ኦርቶዶክሱም አለ፣ እኛ ጴንጤዎቹም አለን፣ ሙስሊሙም አለ። የአንዱን ብቻ አንሥልም።»

እኔም ይቺን ቀዳዳ ነበር የምጠብቀው። «እንግዲያው የሥዕልን ታሪክ ልሣል» አልኩ። «የሰው ልጅ ከዋሻ ጀምሮ እስከ ዛሬ እንዴት ሲሥል እንደኖረ፣ ዘመን በዘመን።» የገባው ሰው አልነበረም። የተቃወመም አልነበረም፤ በእድር ደግሞ ያልተቃወሙት ነገር ጸደቀ ማለት ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ አንድ ሐሳብ ጨመሩ። «ፊቱ ግን የእኛው የሰፈር ሰው ይሁን። የማናውቀው ሰው ፊት ምን ያደርግልናል?» ይህን ያሉት ራሳቸው መሆናቸው ይመዝገብልኝ።

ሳልጨርስ የሚያየኝ ሰው አልወድም። ስለዚህ የእድሩን አሮጌ ድንኳን ግንቡ ላይ ጋረድኩና ከኋላው ገባሁ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ቅዳሜና እሁድም ጭምር፣ ጨለማ እስኪይዘኝ እሥላለሁ። ውጭ የሚያልፈው ሰው «ራኪ፣ እዛ ውስጥ ምን እያደረግሽ ነው?» እያለ ይጮኽብኛል፤ እኔም መልሼ እጮኽበታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ዋሻውን ሣልኩ። በሐረርጌ ዋሻዎች ውስጥ የጥንት ሰዎች እንደሣሏቸው ያሉ፣ ቀንዳቸው የረዘመ፣ ቀያይ ላሞች። ቀጥሎ ግብፅ። ቀጥሎ ግሪክ፤ እዚያ ኦቦ ደበላ እጆቹ የተሰበሩ የእብነ በረድ ሐውልት ሆነው ቆመዋል። ከዚያ የእኛው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል መጣ። ቅዱሳን አልሣልኩበትም፤ በዚያው መልክ፣ ዓይናቸው ጎላ ጎላ ያለ፣ ገበያ የወጡ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። ከእግራቸው ሥር የተኛችውን ውሻ እንኳ በሁለት ዓይን ሥያታለሁ። ከዚያ የጣሊያኖቹ የህዳሴ ዘመን፤ እትዬ ወርቅአፈራሁ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ከኋላቸው የወጨጫ ተራራ። ከዚያ ብርሃን የሚያሳድዱት ፈረንሳዮች፤ የአስኮ ፌርማታ ከዝናብ በኋላ፣ ታክሲውም ሰዉም በቀለም ነጠብጣብ። መጨረሻው ላይ ሰውም ነገርም የሌለበት፣ ቀለም ብቻ።

ግብፅን ለጋሽ ወንድይፍራው ነው የሰጠሁት። የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን በእጃቸው ተክለው፣ ለቀስተኛው እስኪበተን ከአጠገቤ ሳይነሡ ከረሙ። ለእሳቸው የሚገባው ቦታ የንጉሡ ነው ብዬ ዙፋን ላይ አስቀመጥኳቸው። አክሊል ደፋሁላቸው፤ በትር አስጨበጥኳቸው። ፊታቸውንም ግብፆች እንደሚሥሉት በጎን አደረግሁት፤ አንድ አፍንጫ፣ አንድ ጆሮ፣ በጥቁር ኩል የተከበበ አንድ ትልቅ ዓይን። ከሁሉ የተጠበብኩበት እሱ ነው።

እሁድ ጠዋት ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲመለስ ድንኳኑን አወረድነው። ከዚያ እልልታ ሆነ፣ ጭብጨባ ሆነ፣ ሰዉ የራሱን ፊት ፍለጋ ተጋፋ። እትዬ ወርቅአፈራሁ ምስላቸው ፊት ቆመው «ይቺን አገጭ ባትነካኪልኝ ኖሮ ይሻል ነበር» አሉ፤ ግን ከዚያ ቦታ ማንም ሊያንቀሳቅሳቸው አልቻለም። እኔም ጮቤ ልረግጥ ምንም አልቀረኝም።

«ጋሽ ወንድይፍራው አንድ ዓይናቸውን ምን ነካው?» አለ ከኋላ አንዱ።

ሳቅ ተነሣ። ሳቁ ቶሎ ቆመ፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ይሁዳ እንደዚያ ነው። ጌታን የገረፉት እንደዚያ ናቸው። ሰይጣንም እንደዚያ ነው። ይህ ከእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ የተማርኩት ነገር ነው። የግብፅ ነገር ልቤን ሰውሮት፣ ደጉን ሽማግሌ ከይሁዳ ወገን ቀላቅዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የምናልፍበት መንገድ ላይ አቆምኳቸው። ያውም ውሻዋ ሁለት ዓይን ይዛ።

ጋሽ ወንድይፍራው ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ኦቦ ደበላ ነገሩ አልገባቸውም። «አንድ ዓይን ምን ችግር አለው? ንጉሥ አይደሉም እንዴ?» አሉ። እትዬ ወርቅአፈራሁ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው አስረዷቸው። የኦቦ ደበላ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። «አይ፣ እንዲህማ ከሆነ የሰው ክብር ነው» አሉ። ሁለቱ እዚያው ቆመው ተነጋገሩና ወሰኑ፤ ወይ ሁለተኛ ዓይን እጨምራለሁ፣ ወይ የሚመጣው እሁድ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስንና ግንቡ ከዳር እስከ ዳር ኖራ ይቀባል።

«የግብፅ ሥዕል ሁለት ዓይን የለውም!» አልኩ።

«ይኑረው» አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ።

«አስተማሪ ነኝ እኮ! ተማሪዎቼ መጥተው ያዩታል። ታሪክ እንዴት አድርጌ ልዋሽ?»

«እንግዲያው ኖራ ነዋ» አሉ ኦቦ ደበላ፤ እያዘኑ።

እኔ ግትር ነኝ። ቤት ገብቼ ምሳዬን ሳልበላ ተኛሁ። ኖራው ይቀባ፣ ውሸት ከምሥል ነጭ ግድግዳ ይሻለኛል አልኩ። ተነሥቼ ደግሞ ያ ሁሉ ላም፣ ያ ሁሉ ታክሲ በአንድ ጠዋት ሲጠፋ ታየኝና አለቀስኩ።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ጋሽ ወንድይፍራው ከግንቡ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ ተደግፈው ራሳቸውን ያያሉ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላከብርዎት ነበር። ግብፆች ከሁሉ የሚበልጠውን ሰው ነው እንደዚህ የሚሥሉት።»

«አውቃለሁ ልጄ፤ ሰው ነግሮኛል።» ዓይናቸውን ከግንቡ አላነሡም። «ሁለተኛው ዓይኔ ግን የት ሄደ?»

«በዚያኛው በኩል ነው ያለው። አልጠፋም።»

«በዚያኛው በኩል ያለውን ማን ያየዋል?»

መልስ አጣሁ። እሳቸውም «አየሽ ራኬብ» አሉኝ። «ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን የማስተክለው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደግሞ ለእኔ ይተከላል። ለቀስተኛው የሚቀመጠው እዚችው ግንብ ሥር ነው። ልቤ የሚያርፍልኝ ይመስልሻል? እየተንሾካሾኩ ‹ለካ እንዲህ ነበሩ› ቢሉኝስ? አፌን ከፍቼ መልስ አልሰጥ።»

«ላስብበት» አልኳቸውና ሄድኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ያኔውኑ ብሩሹን ያነሣ ነበር። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩና ጠዋትም «ግብፅ ሁለት ዓይን የለውም» እያልኩ ታክሲ ተሳፈርኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ከቤቴል ስመለስ ግንቡ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ደንግጬ ተጋፍቼ ገባሁ። ንጉሡ ሁለት ዓይን አውጥቷል። ከመጀመሪያው ዓይን ጎን፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ፣ በነጭ የዘይት ቀለም የተሣለ፣ እንቁላል የሚያህል ዓይን። ጥቁሩ ከመሀል ትንሽ ዘወር ብሏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ አንዲት ጠብታ በጉንጩ ላይ ቁልቁል ወርዳለች።

«ማነው?» ብዬ ጮኽኩ። «ማነው ሥራዬን የነካው? እጁ ይታየኝ!»

«እኔ ምንም አላየሁም» አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ፤ ሳይጠየቁ። እሳቸው ያላዩት ነገር በዚህ ሰፈር ተደርጎ አያውቅም።

ዞር ስል ጋሽ ወንድይፍራው ከበራቸው ላይ ቆመዋል። በዚያ ሙቀት ቀኝ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተዋል። የኮቱ እጅጌ ጫፍ ላይ ነጭ ቀለም አለ፤ የባርኔጣቸው ጠርዝ ላይም አለ፤ አፍንጫቸውም ላይ ትንሽ አለ። ስንተያይ ቀና ብለው ሰማዩን ማየት ጀመሩ። ዝናብ ይጥል እንደሆነ የሚያጣሩ ይመስላሉ።

ልጮኽባቸው አፌን ከፈትኩ። እንደገና ግንቡን አየሁት፤ አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ፊቱ በጎን ነው። ዓይኑ ሁለት ነው፤ ሁለቱም በአንድ በኩል። ይህንንማ አውቀዋለሁ! የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ፓሪስ ውስጥ የነበሩ ሠዓሊዎች፣ ሰውን በአንድ በኩል ብቻ ማየት አልበቃ ቢላቸው፣ የፊቱንም የጎኑንም በአንድ ላይ መሣል ጀመሩ። ዓለም ስቆባቸው ነበር፤ በኋላ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ኪዩቢዝም ብለን እናስተምረዋለን። ጋሽ ወንድይፍራው ፓሪስን በሩቅም አያውቋት። «በዚያኛው በኩል ያለውን ማን ያየዋል?» ብለው ጠየቁ፤ እኔ መልስ ሳጣ ራሳቸው መለሱት። ሳቄ መጣ፤ ቁጢጥ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። የተሰበሰበው ሰው አበደች ብሎ ራቅ አለልኝ።

እሁድ የእድሩ አዳራሽ ግጥም አለ። ኦቦ ደበላ አጀንዳውን አነበቡ፤ ግንቡ ኖራ ይቀባ ወይስ አይቀባ። ከመደብራቸው ያመጡት ኖራ ከነበርሜሉ በር ላይ ቆሟል።

ልናገር እጄን ሳወጣ ጋሽ ወንድይፍራው ቀድመውኝ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዓይኑን የሣልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አላስቻለኝም። የልጅቷን ልፋት አበላሸሁባት፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ዱርዬ ሰው ግንብ ላይ ጻፍኩ። ያዋረድኩት ራሴን ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው አይድከም፤ ኖራውን እኔው እቀባዋለሁ። ሥዕሉም ይጥፋ፣ የእኔም ነውር አብሮ ይጥፋ።»

«በፍጹም አይቀባም!» ብዬ ጮኽኩ።

በእድር ጉባኤ ሊቀመንበር ላይ አይጮኽም። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። እኔም ከጀመርኩ አይቀር ወደ ፊት ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉልኝ። እናንተም ስሙኝ። ዋሻ ውስጥ ላም የሣለው ሰው እንዴት እንደሚሣል ማን አስተማረው? ማንም! ማየት የፈለገውን ሣለ። ግብፁም፣ ግሪኩም፣ የእኛም የደብተራ ሠዓሊ፣ ከእሱ በፊት የነበረው አልበቃው ሲል ነው ሌላ የፈጠረው። እኔ ይህንን ለልጆች በየዓመቱ አስተምራለሁ። ዓይኔ ሥር ሲደረግ ግን ልከለክል ነበር። ያ ዓይን የግንቡ እድፍ አይደለም፤ ከግንቡ ሁሉ በሕይወት ያለው እሱ ነው። እኔ የሣልኩት ከመጽሐፍ የገለበጥኩትን ነው። ጋሽ ወንድይፍራው የሣሉት ግን የልባቸውን ነው። እሱ ላይ ኖራ የሚቀባ ሰው መጀመሪያ እኔን ይቅባኝ!»

አፈርኩና ተቀመጥኩ።

«እንግዲህ» አሉ ኦቦ ደበላ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከድምፅ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። የጋሽ ወንድይፍራው ዓይን ከተጨመረ፣ የእኔ እጅስ?»

«የምን እጅ?»

«ሐውልቱ ላይ እጄ ተቆርጧል እኮ። ሚስቴ አልወደደችውም። መደብር ያለው ሰው ያለ እጅ እንዴት ይሆናል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ወንድይፍራው ራሳቸው አፋቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከሳቁ መሀል ኖራ ይቀባ የሚል እጁን እንዲያወጣ ተጠየቀ። አንድም እጅ አልወጣም። ይቆይ የሚል ሲባል የእትዬ ወርቅአፈራሁ ሁለቱም እጆች ወጡ፤ ሁለት አይቆጠርም ቢሏቸው አላወርድ አሉ። በርሜሉን ወጣቶቹ እያንከባለሉ መልሰው መኪና ላይ ጫኑት።

ከስብሰባው በኋላ ማንም ቤቱ አልገባም። ሁሉም ወደ ግንቡ ወረደ። ኦቦ ደበላ ብሩሽ ተቀብለው ምላሳቸውን አውጥተው ሁለቱንም እጆቻቸውን ሣሉ፤ ግራው ከቀኙ በጣም ረዘመባቸው፤ ቢሆንም ረኩ። እትዬ ወርቅአፈራሁ አገጫቸውን ሊያሳንሱ ጀምረው አጉል ሲሆንባቸው ትተውት ሀብል ጨመሩ። አንዷ ፌርማታው ላይ ባሏን ሣለችው፤ ሰልፍ ላይ አንደኛ አድርጋ። ሥራዬ ዓይኔ እያየ ከእጄ ወጣ። መጀመሪያ ላይ «ቀስ! ብርሃኑን እንዳትነኩ!» እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጥኩ። በኋላ ደከመኝና ቀለም ማደል ጀመርኩ።

ጋሽ ወንድይፍራው ግን ዳር ቆመዋል። ትንሿን ብሩሽ ጠቁመው በዝግታ «ያቺን ብትሰጪኝ» አሉኝ። «ጥቁሩ ትንሽ ዘወር ብሏል። ጠብታዋንም ልጥረጋት።»

«እንዳይነኩት!» አልኳቸው። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል፤ እሱን ደግሞ እኔ እጽፈዋለሁ።»

ከንጉሡ እግር ሥር በጥሩ የቁም ጽሕፈት «ግብፅ፤ ሠዓሊዎች፦ ራኬብ እና ወንድይፍራው» ብዬ ጻፍኩ። ሰው ስሙን ግንብ ላይ አይቶ «አቶ» ይጨመርልኝ እንደሚል አውቃለሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡ። ከዚያ ደግመው አነበቡ።

«ይሄ የተሣለው ሰው ስም ነው ወይስ የሣለው?» አሉኝ።

«የሣለው።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«ሹፌር ተብያለሁ» አሉ። «ጋሼ ተብያለሁ፣ ሊቀመንበር ተብያለሁ። ይህን ግን ማንም ብሎኝ አያውቅም።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የእኔም እንደዚያው። ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ፤ የኮታቸውን እጅጌ ጠቀለሉ፤ ከግንቡ ማዶ ያለውን፣ ገና ምንም ያልነካውን የጎረቤት አጥር ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩት።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንጀምረው?» አሉኝ።